ከእንጦጦ ግብር እስከ ጀበል፦ የሴቶች የእንግዳ ተቀባይነት ሙያ ታሪክ

በደቡብ ሱዳን መዲና በጁባ የሐበሻ ምግብ ቤት ገብቶ የበላ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይወጣም። ወጡን የምትሠራው ሴት ናት። እንጀራውን የምትጋግረው፣ ቡናውን የምታፈላው፣ ብዙ ጊዜም ሂሳቡን የምትቀበለው ሴት ናት። ይህ እንዴት ሊሆን እንደቻለ ግን ሁላችንም የምናውቀው በቁንጽል ነው። እቴጌ ጣይቱ የመጀመሪያውን ሆቴል እንደከፈቱ ያልሰማ የለም። የአዲስ አበባውን የመዝናኛ ሰፈር የውቤ በረሃን ዘመን በዕድሜ የገፉት ያወሩታል። ጁባ ሄዳ ሠርታ ወንድሞቿን ያስተማረች ዘመድ ያላቸውም ጥቂት አይደሉም። እነዚህ ሦስቱ የአንድ ታሪክ ክፍሎች መሆናቸው እምብዛም አይነገርም።

እኔ ታሪኩን የማነበው እንዲህ ነው፦ የእንግዳ ተቀባይነት ሙያ በሀገራችን ለረጅም ዘመን ትምህርት ቤት ሳይከፈትለት ከሴት ወደ ሴት ሲተላለፍ ኖሯል፤ ባለቤትነቱ ግን ከሙያው ጋር አብሮ አልተላለፈም። ይህ ልዩነት የጀመረው ከመጀመሪያዋ ባለሆቴል ከእቴጌ ጣይቱ ነው።

ዓመቶቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው፤ ወደ ጁባ ስንሻገር ግን በዚያ ሀገር ሰው ዘንድ በሚታወቀው በእ.ኤ.አ. እጽፋለሁ።

ከ1875 እስከ 1880፦ የግብር ቤቱ ትምህርት ቤት

ጣይቱ ብጡል የሸዋውን ንጉሥ ምኒልክን በ1875 ዓ.ም. ፋሲካ አንኮበር መድኃኔ ዓለም ሲያገቡ ለጋ ሙሽራ አልነበሩም። ከሰሜንና ከየጁ መሳፍንት የሚወለዱ፣ ትዳር አይተው የፈቱ፣ ፊደል የቆጠሩ፣ በገና የሚደረድሩ የበሰሉ ሴት ነበሩ። ወደ ሸዋ ይዘውት ከመጡት ሀብት አንዱ የሰሜኑ የጓዳ ሥርዓት ነው።

የጓዳ ሥርዓት ስንል ዛሬ ትንሽ ነገር ይመስለናል። በዚያ ዘመን ግን የጌታ ጉልበት የሚለካው በጠመንጃው ብዛት ብቻ ሳይሆን በሚያበላው ግብር ጭምር ነበር። ከገበሬው በማር፣ በእህልና በከብት የገባው ግብር በጠጅ፣ በእንጀራና በብርንዶ ሆኖ ለሠራዊቱ ተመልሶ ይወጣል። ጌታው በአዳራሹ ላይ ቢቀመጥም ማሩ ጠጅ፣ ጤፉ እንጀራ የሚሆነው በሴቶች እጅ ነው። ወጥ ቤቱ፣ እንጀራ ቤቱ፣ ጠጅ ቤቱ፣ ጠላ ቤቱ እያንዳንዱ የራሱ አለቃ፣ የራሱ ሠራተኛ፣ የራሱ ሒሳብ ነበረው። ከሠራተኞቹ መካከል ደመወዝ የሌላቸው፣ በባርነት የተያዙ ብዙ ሴቶች እንደነበሩም መዘንጋት የለበትም። የዚህ ሙያ መሠረት በእነሱም ላብ የቆመ ነው፤ ስማቸው ግን የትም አልተጻፈም።

በ1879 ዓ.ም. ጣይቱ ፍልውኃው አጠገብ ቤት አሠሩና ቦታውን አዲስ አበባ አሉት። በቀጣዩ ዓመት መስከረም ላይ እንጦጦ ማርያም ስትመረቅ የተሰናዳው ግብር ደግሞ ለዚህ ታሪክ የመጀመሪያው ትልቅ መታጠፊያ ነው። የምኒልክ ታሪክ ጸሐፊ ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ለዚያ ድግስ የታረደው ከብት ከ5 ሺህ በላይ እንደነበር ጽፈዋል። ቁጥሩ ዓይን ይስባል፤ እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ከቁጥሩ ጀርባ ያለው ዝግጅት ነው። ጠጅ በአንድ ሌሊት አይደርስም፤ ማሩ ተበጥብጦ፣ ጌሾው ተጨምሮ፣ ለሳምንታት መጠበቅ አለበት። በርበሬው ይቀነጠሳል፣ ይታጠባል፣ ይሰጣል፣ ከቅመሙ ጋር ይደለዛል፣ ይፈጫል። ቅቤው ይነጠራል። ሊጡ ቀናት ይቦካል። ሺዎች የሚበሉበትን ቀን አስቀድሞ አስቦ፣ ወደኋላ ቆጥሮ፣ የትኛው ሥራ በየትኛው ሳምንት እንደሚጀመር መወሰን የአንድ ትልቅ ሆቴል ሥራ አስኪያጅ ሥራ ነው። ያንን ያደረጉት ጣይቱ ነበሩ።

አሜሪካዊው የታሪክ ምሁር ጄምስ ማካን ስለ አፍሪካ ምግብ በጻፉት መጽሐፍ ይህን ድግስ ትልቅ ስፍራ ሰጥተውታል። የሰሜኑ፣ የጎጃሙ፣ የየጁውና የሸዋው ጓዳ በአንድ ገበታ ላይ ተገናኝቶ፣ ዛሬ የኢትዮጵያ ምግብ የምንለው መልክ መያዝ የጀመረው ከዚህ ዓይነቱ የቤተ መንግሥት ግብር ነው ይላሉ። በዚህ እስማማለሁ፤ አንድ ነገር ግን ልጨምር። የተገናኘው ወጡ ብቻ ሳይሆን ሠራተኞቹም ናቸው። ከየአገሩ የመጡ ባለሙያ ሴቶች በአንድ እሳት ዙሪያ ሲቆሙ አንዷ የሌላዋን እጅ ታያለች። ጣይቱ በቤታቸው ያሳደጓቸውን የዘመድ ልጆች ለየአውራጃው መኳንንት ይድሩ እንደነበር ይታወቃል። እነዚያ ሙሽሮች ወደ ባላቸው ቤት ሲሄዱ የእቴጌይቱን የጓዳ ሥርዓት ይዘው ነው የሄዱት። የሙያው የመጀመሪያ ትምህርት ቤት ይኸው ነበር።

ከ1881 እስከ 1889፦ ክፉ ቀን፣ ስንቅና ጦርነት

ከዚያ ድግስ በኋላ ብዙም ሳይቆይ የከብት በሽታ ገባ፤ በሬው አለቀ፣ እርሻው ቆመ፣ ክፉ ቀን ተብሎ የሚጠራው ረኃብ መጣ። ጣይቱ በ1882 ዓ.ም. ጥቅምት እቴጌ ተብለው ዘውድ ሲጭኑ ሀገሪቱ በዚህ መከራ ውስጥ ነበረች። ምኒልክም ሕዝባቸው በሚራብበት ጊዜ ሥጋ መብላት እንደተዉ ይነገራል።

ስድስት ዓመት ቆይቶ የአድዋ ዘመቻ ሲመጣ የጓዳው ሥርዓት ለሌላ ፈተና ቀረበ። የራሳቸውን ጦር አስከትለው የዘመቱት እቴጌ በመቀሌ ምሽግ ዙሪያ ጣሊያኖቹ ውኃ የሚቀዱበትን ምንጭ የማስያዙን ሐሳብ እንዳመጡ የታወቀ ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በአድዋ ደግሞ ሴቶቹን አሰልፈው ለተዋጊው ውኃ እንዲያደርሱ አድርገዋል። በሶውን፣ ድርቆሹን፣ ቆሎውን አዘጋጅቶ ያን ሁሉ ሠራዊት ተራራ ለተራራ ያበላው እጅ የሴት እጅ ነበር።

ድሉ ያመጣው ለውጥ ግን በጦር ሜዳ ብቻ አልቀረም። በዓመቱ፣ በ1889 ዓ.ም.፣ ሮድ የተባለው ዲፕሎማት የመራው የእንግሊዝ ልዑክ አዲስ አበባ ገባ፤ የፈረንሳይ፣ የጣሊያንና የሩሲያ መልእክተኞችም በከተማዋ ተቀመጡ። ነጋዴው፣ አዳኙ፣ መሐንዲሱ፣ ጋዜጠኛው ተከታትሎ መጣ። ይህ ሁሉ ሰው የት ያድራል? የቤተ መንግሥቱ ልማድ ለእንግዳ ድርጎ መስጠትና ቦታ ማስለቀቅ ነበር፤ ይህ ግን መልእክተኛን እንጂ በየቀኑ የሚገባውን መንገደኛ ሁሉ ሊሸከም አይችልም። ብዙዎቹ በድንኳን ያድሩ ነበር።

ከ1890 እስከ 1910፦ ምግብ ዋጋ ሲወጣለት

በ1895 ዓ.ም. የምድር ባቡሩ ድሬዳዋ ደረሰ፤ በ1898 ዓ.ም. የአቢሲንያ ባንክ በአዲስ አበባ ተከፈተ። ገንዘብና መንገደኛ ወደ ከተማዋ በሚጎርፉበት በዚያው ሰሞን፣ በ1890ዎቹ መጨረሻ፣ እቴጌ ጣይቱ አራዳ ላይ፣ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ብዙም ሳይርቅ፣ የእንጨት ሰገነት ያለውን ሆቴላቸውን አስከፈቱ። የሀገሪቱ የመጀመሪያው ዘመናዊ ሆቴል ነው። ሕዝቡ እቴጌ ሆቴል አለው፤ ዛሬ ጣይቱ ሆቴል ይባላል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብዙ ሰው እንደ ቀልድ ያወራዋል። ሰው ወደ ሆቴሉ ለመሄድ አልደፈረም፤ የመጣውም በልቶ ሒሳብ ሲጠየቅ ይደነግጣል። በመጨረሻ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን አስከትለው ሄደው፣ በልተው፣ በሰው ሁሉ ፊት ገንዘብ ከፍለው ልማዱን አስጀመሩት ይባላል። እኔ ግን ይህን ታሪክ እንደ ቀልድ ማለፍ አልችልም። ሆቴሉን ከሕንፃ በላይ ያደረገው ይህ ነውና።

እስከዚያ ቀን ድረስ ትልቅ ሰው የሚበላው በግብር ነበር። ያበላህ ጌታህ ነው፤ የበላህለትን ታገለግለዋለህ። በልቶ ከፍሎ መውጣት የማንም አለመሆን ነው፤ ለመኳንንቱ ነውር ነበር። ምግብ መሸጥም ከዚያው የባሰ ነውር ነው። በገበያ ዳር ጠላና ጠጅ የሚሸጡ ሴቶች ከጥንትም ነበሩ፤ ግን የተናቁ ነበሩ። እቴጌይቱ ያደረጉት ይህን ነው፦ የተናቀውን የድሃ ሴት ንግድ ዘውድ የጫነች ሴት ሠራችው። በቤተ መንግሥት ጓዳ ያለ ክፍያ የሚፈሰው የሴት ድካም ለመጀመሪያ ጊዜ በብር የሚቆጠር ዋጋ ወጣለት። ንጉሠ ነገሥቱ ብሩን ሲያስቀምጡ የከፈሉት የምግቡን ሒሳብ ብቻ አልነበረም፤ ምግብ መሸጥ ነውር አይደለም የሚል ፍርድም ሰጡ። በእኔ ግምት በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የሚበልጠው መታጠፊያ ይኸ ነው። በኋላ በየከተማው ደጃቸው ላይ ምግብና መጠጥ ለመሸጥ የቻሉ ሴቶች ሁሉ ያን ፍርድ ተከትለው ነው የሄዱት፤ አወቁትም አላወቁትም።

እቴጌይቱ ግን ሥራቸውን አሳድገው ለማየት ጊዜ አላገኙም። ምኒልክ ከ1900 ዓ.ም. ጀምሮ በሕመም ተዳከሙ፤ የመንግሥቱ ሸክም ወደ ጣይቱ ዞረ፤ ጠላታቸውም በዛ። መጋቢት 1902 ዓ.ም. መኳንንቱ ተማክረው ከመንግሥት ሥራ አራቋቸው፤ ባላቸውን ማስታመም ብቻ ተተወላቸው። ምኒልክ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ሲሞቱ ጣይቱ ወደ እንጦጦ ወጡ። ያን ትልቅ ግብር ባሰናዱባት በእንጦጦ ማርያም አጠገብ ኖረው የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. አረፉ። ሆቴሉም ሌላ ሰው የሚያስተዳድረው ቤት ሆነ።

ከ1911 እስከ 1933፦ ባለቤቱ የውጭ ሰው፣ ሠራተኛዋ የሀገር ልጅ

የባቡሩ ሐዲድ አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ የከተማዋ ሆቴሎች በብዛት የግሪኮች፣ የአርመኖች፣ የፈረንሳዮችና የሌሎች የውጭ ሰዎች ነበሩ። በጥቅምት 1923 ዓ.ም. ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ በዓል ከየሀገሩ እንግዳ ሲመጣ የከተማዋ አልጋ ስላልበቃ መልእክተኞች በመኳንንት ቤት እንዲያርፉ ተደረገ። እንጀራና ወጥ አዋቂዋ፣ አልጋ አንጣፊዋ፣ ልብስ አጣቢዋ ግን በሁሉም ቤት የሀገር ሴት ናት።

የጣሊያን ወረራ አምስቱ ዓመት ይህን ልዩነት በዘር ሕግ አጠረው። የነጭ ቤትና የጥቁር ቤት ተለየ። በዚያ መካከል የኤስፕሬሶ ማሽኑ፣ ማኪያቶው፣ ፓስታውና ባንኮኒው በየከተማው ገቡ፤ ጣሊያን ሲወጣ እነሱ ቀሩ። ከባንኮኒው በስተኋላ የቆመችው የሀገር ልጅም ባየችው ሙያ የራሷን ቡና ቤት ለመክፈት ተዘጋጅታ ነበር።

ከ1934 እስከ 1966፦ ሁለት መንገዶች

ከነፃነት በኋላ ሙያው ለሁለት ተከፈለ።

አንደኛው መንገድ የመንግሥትና የትልቅ ገንዘብ ነው። በ1950 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን አዲስ አበባ ላይ ተቋቋመ፤ ግንቦት 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ተመሠረተ። ከተማዋ የአህጉሩን መሪዎች ማሳደር ነበረባትና ጊዮንን፣ ራስን፣ ኢትዮጵያ ሆቴልን፣ ዋቢ ሸበሌን የመሰሉ ሆቴሎች የዘመኑ መልክ ሆኑ። አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ የቱሪዝም ድርጅቱን መርተው የ13 ወር ፀሐይ የሚለውን መጠሪያ ለዓለም አስተዋወቁ። በ1960ዎቹ መግቢያ ሂልተን ተከፈተ፤ በዚያው ሰሞንም የሆቴልና ቱሪዝም ማሠልጠኛው ተቋቁሞ ሙያው ለመጀመሪያ ጊዜ በመምህር፣ በሰሌዳና በምስክር ወረቀት መሰጠት ጀመረ። ብዙ ወጣት ሴቶች የእንግዳ አቀባበልን፣ የመኝታ ክፍል አያያዝንና የመስተንግዶን ሥራ እዚያ ተማሩ። ምስክር ወረቀት የያዘች ሴት ወላጅ ፊት ቆማ ሆቴል ነው የምሠራው ለማለት መቻሏ ቀላል ነገር አይደለም።

ሁለተኛው መንገድ የድሃዋ ሴት ነው፤ ታሪክ ጸሐፊ እምብዛም አልሄደበትም። በልጅነቷ ተድራ የሸሸች፣ ከባሏ ተፋታ መሬት ያላገኘች፣ ወላጅ የሞተባት ሴት ከጎጃም፣ ከጎንደር፣ ከወሎ፣ ከትግራይ፣ ከሸዋ ተነሥታ ከተማ ትገባለች። መሬት የላትም፤ ፊደል አልቆጠረችም። ያላት የእናቷ ባልትና ብቻ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ በሌላ ሴት ቤት ትቀጠራለች፤ ጠላ ትጠምቃለች፣ ጠጅ ትጥላለች፣ ታስተናግዳለች፤ ዓመታት ቆጥባ አንዲት ክፍል ትከራይና የራሷን ቤት ትከፍታለች። እሷም በተራዋ ከገጠር የመጣች ሌላ ልጅ ታስጠጋለች። ውቤ በረሃና ሌሎቹ የመዝናኛ ሰፈሮች በእንዲህ ያሉ ሴቶች የቆሙ ናቸው። በዚያ ሕይወት ውስጥ ብዙ ሴቶች ገላቸውን ለመሸጥ የተገደዱበት፣ በሰካራም የተደበደቡበት፣ በጎረቤት የተነወሩበት ክፉ ገጽ ነበረ። ያንን ሸፍኖ ዘመኑን ማሞገስ ሐሰት ነው። ግን በዚያው ቤት ልጆቻቸውን ዩኒቨርሲቲ ያስገቡ፣ ዕቁብ ጥለው ቤት የሠሩ፣ ዕድር ያቋቋሙ ሴቶችም ነበሩ። ያስተማሯት ልጅም ወጥታ የራሷን ቤት ከፍታለች።

ሁለቱ መንገዶች አልተገናኙም። በማሠልጠኛው የወጣችው ደመወዝተኛ ሆነች እንጂ ባለሆቴል ለመሆን ካፒታል አላገኘችም። ባለጠጅ ቤቷ ባለቤት ሆነች እንጂ ሙያዋን ሙያ ብሎ የመዘገበላት ቢሮ አልነበረም።

ከ1967 እስከ 1997፦ ሙያው ከሀገር ሲወጣ

ሐምሌ 1967 ዓ.ም. ደርግ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወርስ ቆጥበው ቤት የሠሩ ሴቶች ብዙዎቹ ትርፍ የተባለውን አጡ። ትልልቆቹ ሆቴሎችም ወደ መንግሥት እጅ ገቡ። ሰዓት እላፊው ማታውን ዘጋው። ከዚያ ቀይ ሽብሩ፣ ጦርነቱ፣ ረኃቡ ተከታትሎ መጣ፤ ብዙ ሰውም ተሰደደ።

ስደተኛው በመተማና በከሰላ አድርጎ ሱዳን ገባ፤ ካርቱም ውስጥ ሐበሻ ሴቶች በመንገድ ዳር ሻይና ቡና እያፈሉ፣ በየቤቱ እየተቀጠሩ፣ ቀስ በቀስም ምግብ ቤት እየከፈቱ ኖሩ። ካርቱም ከባድ አስተማሪ ነበረች። በእ.ኤ.አ. መስከረም 1983 የሱዳኑ ፕሬዚዳንት ኒሜሪ የሸሪዓ ሕግ ካወጁ ወዲህ መጠጥ መጥመቅ በጅራፍና በእስር የሚያስቀጣ ወንጀል ሆነ፤ በኦምዱርማን የሴቶች እስር ቤት የታጎሩት በብዛት ከደቡብ ሱዳን የተፈናቀሉ ጠማቂ ሴቶች ነበሩ። የሀገራችን ሴቶች ዓረብኛውን፣ ፖሊሱን መለየትን፣ ያለ ፈቃድ በሰው ሀገር መሥራትን የተማሩት እዚያ ነው።

ባሕር የተሻገሩትም እንደዚያው ሙያውን ይዘው ነው የሄዱት። በዋሽንግተን በእ.ኤ.አ. 1978 የተከፈተችው የማማ ደስታ ምግብ ቤት በወጥ ሠሪዋ በወይዘሮ ደስታ ባይሩ ስም ነበር የተጠራችው። አሜሪካኖች በእጃቸው መጉረስን ብዙዎቹ ከዚያ ቤት ተማሩ። የሠሪዋ ስም በበሩ ላይ መጻፉ በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ እንግዳ ነገር ስለሆነ አነሣሁት።

በሀገር ውስጥ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የግል ሆቴል በብዛት ተሠራ፤ በ1990 ዓ.ም. ሸራተን ተከፈተ። ብዙ ሴት ሠለጠነች። በእ.ኤ.አ. 2005 መግቢያ ላይ እንግዲህ ሁለት ዓይነት ባለሙያ ሴቶች ነበሩ፦ በአዲስ አበባ የሠለጠኑና ሥራ ያነሳቸው፣ በካርቱም፣ በናይሮቢና በካምፓላ የተፈተኑና ገበያ የሚፈልጉ። ሁለቱም ዓይናቸውን ወደ አንድ ከተማ ጣሉ።

እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2013፦ ጁባ

ጥር 9 ቀን 2005 የሱዳን መንግሥትና የደቡቡ አማፂ ጦር ኤስፒኤልኤ ናይሮቢ ላይ ሰላም ሲፈራረሙ ጁባ የራስ ገዝ መንግሥት መቀመጫ ሆነች። ከሃያ ዓመት ጦርነት የወጣች ከተማ ናት። አስፋልቷ ጥቂት፣ መብራቷ ከጄኔሬተር፣ ውኃዋ በቦቴ ከነጭ ዓባይ የሚቀዳ። በአንድ ጊዜ ግን የተባበሩት መንግሥታት፣ የእርዳታ ድርጅቶች፣ የነዳጅ ኩባንያዎችና ከስደት የሚመለሱ ባለሥልጣናት ገቡ። አልጋ የለም። የመጀመሪያዎቹ ሆቴሎች በወንዙ ዳር የተተከሉ ድንኳኖችና ለመኝታ የተዘጋጁ ኮንቴይነሮች ነበሩ፤ ዋጋቸው ግን ከትልልቅ ከተማ ሆቴል ጋር የሚወዳደር ነበር።

ይህ ከአዲስ አበባ የ1890ዎቹ ሁኔታ ጋር ምን ያህል እንደሚመሳሰል ልብ ይሏል። ጦርነት ያበቃባት አዲስ መዲና፣ በድንኳን የሚያድር የውጭ እንግዳ፣ ምግብ የሚሸጥበት ቤት የለም። ልዩነቱ፣ በዚህ ጊዜ ሆቴሉን የከፈተችው እቴጌ አልነበረችም። ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን፣ ከኬንያና ከኡጋንዳ ሰዎች ጋር፣ የከተማዋን ሆቴልና ምግብ ቤት ንግድ በሰፊው ያዙት። ካርቱም የነበሩት ዓረብኛ ስለሚያውቁ ከጁባ ዓረብኛ ጋር ቶሎ ተግባቡ፤ ከአዲስ አበባ የመጡት የእንግዳ አቀባበሉንና የክፍል አያያዙን ሥርዓት ይዘው መጡ። በሀገር ቤት ያልተገናኙት ሁለቱ መንገዶች ጁባ ላይ ተገናኙ፤ የተማረችውና በልምድ የበሰለችው በአንድ ወጥ ቤት ቆሙ።

ሥራው ግን ቀላል አልነበረም። ጤፉ ከኢትዮጵያ፣ ሽንኩርቱና ቲማቲሙ ከኡጋንዳ ይመጣ ነበር። ወደ ኡጋንዳ ድንበር የሚወስደው፣ 192 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የጁባ ኒሙሌ መንገድ በ2012 አስፋልት እስኪሆን ድረስ በክረምት መኪናው ጭቃ ውስጥ ሲቀር ከተማው ይራብ ነበር። በ2009 ጁባ ውስጥ የቢራ ፋብሪካ ተከፍቶ ነጭ በሬ የተሰኘው ቢራ ገበያ ላይ ሲውል ለብዙ ቤቶች እፎይታ ነበር። የኮንትራት ሕግ ገና አልጠናም ነበር፤ መሬቱ የሀገሬው ሰው ነው፤ የውጭ ሰው ያለ ሀገሬው አጋር ሥር መስደድ አይችልም ነበር። ሐምሌ 9 ቀን 2011 ደቡብ ሱዳን ነፃ ሀገር ስትሆን ግን ከተማዋ በግንባታ ላይ ነበረች።

ጀበል የሚባለው ክፍል ከጀበል ኩጁር ተራራ ሥር፣ ወደ ዬይ በሚወስደው መንገድ በኩል፣ በዚያ ዘመን ተስፋፋ። በተራራው ግርጌ የሀገሬው ሴቶች ቋጥኝ በመዶሻ እየቀጠቀጡ ጠጠር ይሸጣሉ፤ ከጦርነት የተመለሱ፣ ባል የሞተባቸው፣ ሌላ ሥራ ያጡ እናቶች ናቸው። ጁባ ውስጥ በዚያ ዘመን የተሠራ ሆቴል የቆመበት ኮንክሪት ውስጥ የእነዚህ ሴቶች ጠጠር አለበት ቢባል ከእውነት አይርቅም። በየዛፉ ጥላ ሥር ደግሞ ሻይ ሻጮቹ አሉ፤ ከሰልና ማንቆርቆሪያ ይዘው፣ ዝቅተኛ ወንበር ደርድረው፣ ዝንጅብል ያለበት ሻይና ቡና ያፈላሉ። እነሱን ያየ ሐበሻ የራሱን ሀገር ባለጠላ ሴት ማስታወሱ አይቀርም።

እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ፦ ማን ማንን ያስተምራል?

ታኅሣሥ 15 ቀን 2013 በጁባ የተነሣው ተኩስ ሀገሪቱን ወደ እርስ በርስ ጦርነት ወሰዳት። እንግዳው ቀነሰ፤ የውጭ ምንዛሪ ጠፋ። በመስከረም 2014 ደግሞ የሥራ ሚኒስቴሩ ድርጅቶች፣ ባንኮች፣ ሆቴሎችና ሎጆች የውጭ ሠራተኞቻቸውን እንዲያሰናብቱና ሀገሬውን እንዲቀጥሩ ትእዛዝ አወጣ። ትእዛዙ ከፍተኛ ተቃውሞ ገጥሞት ብዙም ሳይቆይ ላላ፤ ጥያቄው ግን ቀረ፤ እውነተኛ ጥያቄ ነውና። የውጭ ሰው ከሀገሬው ሥራ ወሰደ የሚለውን ቁጣ የሚያበርደው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሀገሬዋን ማስተማር።

እዚህ ላይ አቋሜን በግልጽ ልናገር። በጁባ ያሉ የሐበሻ ቤቶች ሁሉ በዚህ የሚመሰገኑ ናቸው ማለት አይቻልም። ሀገሬውን ለጥበቃና ለጽዳት ብቻ የሚቀጥር፣ ገንዘብ መቀበያውንና ወጥ ቤቱን ለወገኑ የሚያቆይ ባለሆቴል አለ። ይህ ስህተት ነው፤ ውሎ አድሮም ባለቤቱን ይጎዳል። በሌላ በኩል ደቡብ ሱዳናዊቷን ልጅ ከምጣዱ አጠገብ አቁመው ሊጡን የሚያስነኳት፣ ከዚያ ወደ አስተናጋጅነት፣ ከዚያ ወደ ሒሳብ የሚያሻግሯት ሴቶችም አሉ። እነዚህ የሚያደርጉት በእንጦጦ የግብር ቤት የነበረው፣ በአዲስ አበባ ጠጅ ቤት የነበረው ያው አሠራር ነው፤ ልዩነቱ የዘርንና የቋንቋን ወሰን መሻገሩ ነው። ስለዚህም ይበልጣል እላለሁ።

በታኅሣሥ 2015 የደቡብ ሱዳን ፓውንድ በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲለቀቅ ለአንድ ዶላር ከ3 ፓውንድ ገደማ ወደ 18 ወደቀ። በፓውንድ የቆጠቡ ሴቶች የዓመታት ላባቸው በአንድ ሳምንት ቀለጠ። በሐምሌ 2016 ከ8 እስከ 11 ድረስ በተደረገው ውጊያ ደግሞ ጀበል ከጦር ሜዳዎቹ አንዱ ሆነ። የተባበሩት መንግሥታት ግቢና የተቃዋሚው ጦር ሰፈር በዚያው አቅጣጫ ነበሩ። በመቶ የሚቆጠር ሰው ሞተ፤ ገበያው ተዘረፈ፤ በዚያው አካባቢ የሚገኘው ቴሬን የተባለው የውጭ ዜጎች መኖሪያ በወታደሮች ተወርሮ የውጭ ዜጎች ተደፈሩ፣ አንድ ጋዜጠኛ ተገደለ። ብዙ የውጭ ነጋዴ ሻንጣውን አንሥቶ ወጣ። የቀሩት ሴቶች የተሰበረውን በር አሠርተው እንደገና ምጣድ ጣዱ።

ሚያዝያ 2023 ካርቱም ውስጥ ጦርነት ሲነሣ ታሪኩ ሌላ ዙር ዞረ። ካርቱም ውስጥ ለዓመታት የኖሩ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ከሱዳናውያንና ከደቡብ ሱዳን ተመላሾች ጋር በሬንክ በኩል ወደ ደቡብ ሱዳን ገቡ።

በሀገር ቤት በበኩሉ፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. በጣይቱ ሆቴል የተነሣው እሳት የሕንፃውን ከፊል በላው። ጃዝ አምባ የተባለው የሙዚቃ ቤትም አብሮ ጠፋ። ሆቴሉ ታድሶ ሥራውን ቀጥሏል፤ የመሥራቿ ስም በበሩ ላይ አለ። ከእሳቸው በኋላ የመጡት አብዛኞቹ ሴቶች ግን ስማቸው በበር ላይ የለም፤ በምዝገባ ወረቀት ላይ ያለው አብዛኛውን ጊዜ የባል፣ የወንድም ወይም የአከራይ ስም ነው።

ይህን የምታነቡ በጁባም በአዲስ አበባም ያላችሁ አንባቢዎች አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ሙያውን ያስተማረቻችሁን ሴት፣ እናታችሁም ትሁን አሠሪያችሁ፣ በሕይወት ካለች ጠይቋት፦ ከየት መጣች፣ ማን አስተማራት፣ መጀመሪያ በስንት ብር ጀመረች፣ ስንት ልጅ አሠለጠነች? መልሷን ጻፉት፤ ድምፅዋን ቅዱ። ቤት የምትከፍቱ ደግሞ የንግድ ፈቃዱን በሠሪዋ ስም አውጡ።